የቀኝ እግር ፎርማ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ የሰው አገሩን ብርድና የእናንተን ናፍቆት ካልቆጠርኩት ደህና ነኝ፤ ጠባቂያችን ይመስገን።

ከጻፍኩ ሁለት ወር አለፈኝ፤ አይቆጡኝ። ሥልጠናው ፋታ አይሰጥም። ባለፈው «ሙዚየም ውስጥ የምትማሪው ምንድን ነው፣ አቧራ መጥረግ ነው?» ብለውኝ ነበር። አቧራውን የሚጠርግ ሌላ ክፍል አለ። የእኛ ክፍል ሥራ የትምህርት ቤት ልጆች ሲመጡ በመስታወቱ ፊት እንደ በግ ተነድተው እንዳይወጡ ማድረግ ነው። ለዚያ ደግሞ ዕቅድ ይወጣል፤ ስንት ልጅ፣ ዕድሜው ስንት፣ ለስንት ደቂቃ፣ ሲወጡስ ምን ይዘው ይወጣሉ? አሠልጣኛችን ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ሴት ናት። በሌለችበት «መርፌ» እንላታለን። አንድ ነገር ነው የምትደጋግመው፤ «አትንገሩ፣ ጠይቁ። ልጅ የነገሩትን ይረሳል፣ የጠየቁትን ግን ይዞት ቤቱ ይገባል።» በመጀመሪያው ቀን አንድ የዛገ ቁልፍ ፊቴ አስቀምጣ ስለሱ ሃያ ጥያቄ አውጪ አለችኝ። አሥራ አንደኛው ላይ ደረቅሁ። በልጅነቴ «እመት ለምን» እያሉ ይጠሩኝ የነበሩት እርስዎ ቢያዩኝ ያፍሩብኝ ነበር።

አሁን ወደ ልመናዬ። እያንዳንዳችን የራሳችንን ፕሮግራም አዘጋጅተን እንድናቀርብ ታዘናል። ስድስት ልጅ በአንድ ጠረጴዛ፣ መሐል ላይ በእጅ የሚነካ አንድ ዕቃ፣ አርባ አምስት ደቂቃ። ይህን ካለፍኩ ይቀጥሩኛል፤ ከወደቅሁ ሻንጣዬን ይዤ መመለሴ ነው። እኔ የአባዬን ፎርማ መረጥኩ። እዚህ ያሉ ልጆች ጫማ በእንጨት እግር ላይ ተወጥሮ እንደሚሰፋ አያውቁም። ከፎርማዎቹ ሁሉ ደግሞ የምፈልገው የእማዬን ቀኝ እግር ነው። ሌላው ፎርማ እግር ይመስላል፣ አለቀ። ያ ግን ወደ ውስጥ የዞረ፣ ተረከዙ የተነሳ ነው፤ ልጅ አይቶት ዝም ማለት አይችልም። እንደሚሠሩበት አውቃለሁ። ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ።

የወንድምዎ ልጅ

———

ኅዳር 12

ለልጄ፣ ለወንድሜ ምትክ፣

ሰላምታዬ በርሽን ሳያንኳኳ ዘው ብሎ ይግባ። ወገቤን ለጠየቅሽው፣ ስቀመጥ ደህና ነው፣ ስነሳ ይሰድበኛል። እናትሽ ደህና ናት። ስኳሩም እንዳለ ነው፣ እሷም እንዳለች ናት፤ ሁለቱ ተላምደዋል።

ደብዳቤሽን ሳነብላት መጀመሪያ ሳቀች። «በኔ እግር የሰው ልጆች ሊማሩ?» አለች። ከዚያ «ላክላት፣ ልጄ ትለፍበት» አለች። እሷ እናት ናት። እኔ ግን እንደሷ ቸር አይደለሁምና ነገሩን በግልጽ ልንገርሽ።

እኔ ሰፊ ነኝ እንጂ ጠራቢ አይደለሁም። አባትሽ ነፍሱን ይማረውና ያንን ፎርማ አራት ጊዜ ጠርቦ አራት ጊዜ ለምድጃ ሰጥቶታል። አምስተኛው ነው ልክ የመጣው። ከዚያ በፊት የእናትሽ ቁርጭምጭሚት ቁስል አጥቶ አያውቅም ነበር፤ አንቺ ሕፃን ስለነበርሽ አታስታውሺም። እሱ ከሞተ በኋላ በዚያ እንጨት ላይ አሥራ አራት ጥንድ ሰፍቼላታለሁ፣ አንዱም አላቆሰላትም። ሙያው የኔ አይደለም፣ የእንጨቱ ነው። ዛሬ ደግሞ ፎርማ የሚጠርብ ሰው በሻማ ቢፈለግ አይገኝም፤ ፋብሪካው ሁሉ ፕላስቲክ ነው፣ ለደህና እግር ብቻ።

አንድ ጫማ አሥር ወር ይሄድላታል። አሁን ያደረገችውን የሰፋሁት ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ መጋቢት ሳይወጣ ፎርማው እጄ ይግባ። ከዚያ ወዲያ አልችልም።

በመጪው ሳምንት ወደዚያ የሚጓዝ መካኒክ ጎረቤት አለን፤ በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጥቼዋለሁ። ልጆቹ ይነካኩት፣ ይጣሉትም፤ ወይራ ነው፣ አይሰበርም። ብቻ መልሺው።

አጎትሽ

———

ታኅሣሥ 23

ለማከብርዎ ጋሼ፣

ለእርስዎም ለእማዬም ዕድሜና ጤና ከነሙሉ ሰላሙ ይስጥልኝ። መካኒኩ በሰላም አድርሶልኛል። ጨርቁን ስፈታ የቤታችን ማስቲሽ ሸተተኝና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አሁን ደግሞ የምሥራቹን ይስሙ። ማክሰኞ ለሙከራ አንድ ክፍል ልጆች አመጡልኝ። አስተማሪያቸው ጥግ ላይ ወንበር አግኝቶ እንቅልፉን ለጠጠው። እኔ ፎርማውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና አፌን ዘጋሁ። ዕቅዴ ላይ «ሁለት ደቂቃ ዝምታ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ሁለት ደቂቃ ዝም ማለት እንዴት እንደሚከብድ አይጠይቁኝ። አንድ ልጅ «የተበላሸ ነው» አለ። ሌላው አሸተተው። አንዲት ደቃቃ ልጅ ጫማዋን አውልቃ እግሯን አጠገቡ አስቀመጠችና «ይሄ ሰው ሲሄድ ያመዋል?» አለች። እኔ ልመልስ ስል መርፌ ከኋላ በዓይኗ ያዘችኝ። ያኔ መጀመሪያ የተናገረው ልጅ «አያመውም፤ የሠራው ሰው እንዳያመው ብሎ ነው ያጣመመው» አላት። ጋሼ፣ አባዬ ይህን ሰምቶ ቢሆን ምን ባልሰጠሁ ነበር! መርፌ መነጽሯን አወለቀች። ስታወልቅ አይተናት አናውቅም።

ዕቃው ሙዚየም ውስጥ እንዲቆይ ቅጽ ይሞላለታል። ቅጹ ሁለት ሣጥን አለው፤ አንዱ «ውሰት» ይላል፣ ሌላው «ስጦታ»። የውሰት ዕቃ ቁጥር ብቻ ነው የሚሰጠው። ስጦታ ከሆነ ግን የሠሪው ስም በትልቁ መዝገብ በቀለም ይሰፍራል፣ አይሰረዝም። የአባዬን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ አስጻፍኩት። ዕድሜውን ሙሉ ሲጠርብ ስሙን አንድ እንጨት ላይ እንኳ አልጻፈም። አሁን የንጉሥ ዕቃ ከተጻፈበት ገጽ ቀጥሎ ያለው የሱ ነው።

ስለ አባዬ የሚያስታውሱትን ሁሉ ይጻፉልኝ። ለልጆቹ ካርድ አዘጋጃለሁ።

ልጅዎ

———

ጥር 29

ለልጄ፣

ካለንበት ቤት ሰላምታ፣ ባለሽበት ቤት በረከት ይሁን። የወንድሜ ስም በቀለም መጻፉ ደስ ብሎኛል። ለእናትሽ ሳነብላት አለቀሰች፤ በደስታ ነው ብላለች።

ስለ አባትሽ የማስታውሰው ብዙ ነው፣ ለካርድ የሚሆነው ግን ጥቂት ነው። ፎርማውን ሲጠርብ እናትሽን እግሯን ሃምሳ ጊዜ ያስነሳት ነበር። እዚህ ጋ ይነካሻል? እዚህስ? ስትቆሚስ? ማታስ ሲያብጥ? እሷ ሲሰለቻት «ደህና ነው» ትለዋለች፤ እሱ አያምናትም ነበር። «ይህቺ ሴት ደህና ነኝ ስትል ነው የምፈራት» ይለኝ ነበር። ይህንን ጻፊው፣ ካልሆነም ተዪው።

አሁን አንድ ነገር። «ስጦታ» የምትለዋን ቃል ሁለት ጊዜ አነበብኳት። በእኛ ቤት የሰጠ ሰው መልስልኝ አይልም። በእናንተስ ቤት እንዴት ነው? መንገዳችን ለቧንቧ ተቆፍሮ በጠጠር ተሞልቷል፤ የጫማዋ ሶል ካሰብኩት ቀድሞ እየሳሳ ነው። ፎርማው መቼ እንደሚመለስ ቁርጡን ጻፊልኝ።

አጎትሽ

———

መጋቢት 19

ለማከብርዎ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ከይቅርታዬ ጋር ይድረስዎ። መልሴ የዘገየው ምን ብዬ እንደምጽፍ ስለጨነቀኝ ነው።

ፎርማው አሁን ሊወጣ አይችልም። በትልቁ መዝገብ የገባ ዕቃ የሙዚየሙ ነው ይላል ሕጉ። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ አንብቤዋለሁ፤ ግን ሠራተኛ ከሆንኩ በቀላሉ የማስለቅቀው መስሎኝ ነበር። ማመልከቻ አስገብቻለሁ። የሚያየው ኮሚቴ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰበሰባል፤ ቀጣዩ መስከረም ላይ ነው። ይባስ ብሎ የዕቃ ጥበቃ ክፍሉ «የተመዘገበ ዕቃ በእጅ አይነካም» ብሎ መስታወት ውስጥ አስገብቶታል። እኔ ራሴ ለማየት ቁልፍ ማስፈረም አለብኝ።

ባዶ እጄን ግን አልጻፍኩልዎትም። ጓንት አድርጌ፣ አንድ ጠባቂ ራሴ ላይ ቆሞ፣ ዙሪያውን በሙሉ ለክቼዋለሁ። አርባ ሁለት ቦታ ነው የለካሁት። ንድፉንም በአራት በኩል በወረቀት አንስቼ አያይዤዋለሁ። ለጊዜው በዚህ ይሠሩበታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አንድ ትንሽ ልመናም አለችኝ። የእማዬ ፎቶግራፍ ያስፈልገኛል፤ ቆማ፣ እግሯ እንዲታይ ሆኖ። ልጆቹ መጨረሻ ላይ ባለቤቷን ቢያዩ ፕሮግራሙ ይሟላል። ቅር እንዳይላት እርስዎ ያስረዱልኝ።

ልጅዎ

———

ሚያዝያ 14

ለልጄ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ልኩ ደርሷል። በር ለሚሠራው አናጢ ሰጥቼ አስጠርቤያለሁ። ቁጥሩ ልክ ነው፣ እንጨቱ ግን ልክ አይደለም። የአካል ድጋፍ ከሚሠሩበት ቦታም ጠይቄያለሁ፤ ወረፋው ዘጠኝ ወር ነው።

ፎቶግራፍ አልተነሳችም። በደህና ቀን ትነሳለች።

እናትሽ ደህና ነኝ በልልኝ ብላለች።

አጎትሽ

———

ግንቦት 28

ለማከብርዎ ጋሼ፣

ቤታችሁን ሰላም ይሙላው። ያለፈው ደብዳቤዎ እንደ ቴሌግራም አጥሮብኝ ተቀይመውኛል ብዬ ስሰጋ ከረምኩ። ይህንን ሲያነቡ ግን ፊትዎ እንደሚፈታ አልጠራጠርም።

አልፌያለሁ! ከስምንታችን ሁለታችን ብቻ ነን ያለፍነው። ከሐምሌ ጀምሮ የትምህርት ክፍሉ ሠራተኛ ነኝ፤ ጠረጴዛና የበር ቁልፍ ተሰጥቶኛል። የኔ ፕሮግራም በሳምንት አራት ቀን ይካሄዳል፣ ትምህርት ቤቶች ወረፋ ይዘዋል። ከወጡ በኋላ አስተማሪዎቹ የሚሞሉት ወረቀት አለ፤ አንዷ «ልጆቼ ስለ ሰው ሥቃይ ማሰብን እዚህ ተማሩ» ብላ ጻፈች። መርፌ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈችው።

ልጆቹ እንዴት ይነካሉ ብለው እንዳያስቡ፤ ለሱም መላ ተገኝቷል። የሙዚየሙ ወርክሾፕ በጄሶ ቅርጹን አወጣና እንደ ቀንድ በሚጠነክር ነገር ሞልቶ ቅጂ ሠራልን። በአምስት ቀን ሦስት ቅጂ! ከዋናው በክብደት እንኳ አይለይም። ሁለቱ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፣ አንዱ ቢሰበር ተብሎ በሣጥን ተቀምጧል። ስለዚህ ዋናው በሰላም ያርፋል፣ አባዬም በክብር ተቀምጧል።

የእማዬን ፎቶ አሁንም እጠብቃለሁ። ምነው ዝም አላችሁኝ?

ልጅዎ

———

ሰኔ 17

ለልጄ፣

ሰላምታ እንደ ልማዳችን ይድረስሽ። ስላለፍሽ እንኳን ደስ አለሽ። አሁን ተቀመጪና አንብቢ። ይህን ስጽፍ እናትሽ አታውቅም፤ ሥልጠናሽ እንዳይበላሽ ብላ ስለ እግሯ እንዳልጽፍ ከጥር ጀምሮ አስምላኛለች። መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ ኃጢአቱ በኔ ይሁን።

ጫማዋ የካቲት ላይ ተቀደደ። ጠጋገንኩት፤ መጋቢት ላይ መጠገኛ አጣሁ። ባንቺ ቁጥር ባስጠረብኩት ላይ አዲስ ሰፋሁላት። አንድ ሳምንት ሄደችበትና «ደህና ነው» አለችኝ። አመንኳት። አባትሽ ቢሆን አያምናትም ነበር። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሽልንግ የሚያህል ቁስል ወጣ። ስኳር ያለበት ሰው ቁስል ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። አንድ ቀን እያሳለፈች ቁስሉን ለማሳጠብ ክሊኒክ ትሄዳለች፤ መኪና በተቆፈረው መንገድ አይገባም፣ በእግሯ ነው የምትሄደው። ቁስሉን ለማዳን ስትሄድ ቁስሉን ታብሰዋለች። ሐኪሙ «የማይነካት ጫማ ካገኘች ይደርቃል፣ ካላገኘች አላውቅም» ብሏል።

አሁን ደግሞ ሦስት ቅጂ እንዳለ ጻፍሽልኝ። በአምስት ቀን። አንዱ ለመጠባበቂያ በሣጥን ተቀምጧል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሲሉ እሰማ ነበር፤ በቤቴ አየሁት። ጥር ላይ መልሺልኝ ስልሽ ለምን ትፈልገዋለህ አላልሽኝም። እንጨቱ ልክ አይደለም ስልሽ ምን ሆነ አላልሽም። የሰውን ልጅ በአርባ አምስት ደቂቃ ሃያ ጥያቄ የምትጠይቂ ልጅ ለእናትሽ አንድ አልተረፈሽም?

ቅጂውን ዛሬውኑ ላኪው። ፈቃድ የሚያስፈልገው ከሆነ አትጠይቂ።

አጎትሽ

———

ሐምሌ 5

ጋሼ፣

ደብዳቤዎ አሁን ደረሰኝ። ቅጂውን ከሣጥኑ ወስጄ በፈጣኑ መልእክት ልኬዋለሁ፣ በስድስት ቀን ይገባል ብለውኛል። ማንንም አላስፈቀድኩም። መርፌ ነገ ታውቃለች፤ ትወቅ።

በሰፈራችሁ ባለሱቅ ስልክ ከጠዋት ጀምሮ ሞከርኩ፣ አይነሳም። ደህና ናት ሲሉኝ ደስ እያለኝ ነው የማልፈው የነበረው፤ ሥራዬን እንድሠራ ስለሚያስችለኝ። እውነቱ ይኸው ነው፣ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም። የእናቴን እግር በየቀኑ በእጄ ይዤ ለሰው ልጅ አሳያለሁ፣ ስለ እግሯ ግን አልጠየቅሁም።

ቁስሉ እንዴት ነው? ምን ያህል ነው? ሽታ አለው? ትኩሳትስ? ማን ያጥብላታል? ሐኪሙ ማን ይባላል? ምን ልላክ? ልምጣ? እባክዎን ሁሉንም ይጻፉልኝ።

———

ነሐሴ 12

ለልጄ፣

እግዚአብሔር መጽናናቱን ይስጥሽ። ይህን ከሰላምታው ማስቀደሜን ይቅር በዪኝ።

ዕቃው ነሐሴ 1 ቀን እጄ ገባ። እውነትሽን ነው፣ በስድስት ቀን አገር ገብቷል፤ የቀረውን ጉምሩክ ይዞት ነው። ሣጥኑ ላይ በራስሽ ጽሕፈት «የሙዚየም ዕቃ ቅጂ» ብለሽበታል። የተቀመጠው ሰውዬ ሕግ አዋቂ ነው፤ «የሙዚየም ከሆነ የቅርስ ፈቃድ አምጣ» አለኝ። ጫማ ሰፊ ነኝ አልኩት፣ ወስፌ የበሳውን እጄን አሳየሁት። አዘነልኝ፣ መጥፎ ሰው አይደለም። «አባቴ፣ የጫማ ፎርማ ብላ ጽፋ ቢሆን በነጋታው ይዘኸው ትሄድ ነበር» አለኝ። ሰባት ቢሮ ዞሬ ነው ያስፈታሁት።

የእናትሽ እግር ሐምሌ 24 ቀን ተቆርጧል። ቀኙ፣ ከጉልበቷ በታች። ነፍሷ ደህና ናት፤ ትበላለች፣ ትቆጣለች። ጠይቀሽኝ ነበርና ልመልስልሽ፤ አዎ፣ ሽታ ነበረው፣ ትኩሳትም ነበራት፣ የማጥብላት እኔ ነበርኩ።

ቅጂውን ገላብጬ አየሁት። ሠራተኞቻችሁ ጎበዞች ናቸው። አባትሽ ቢላው ያዳለጠው ጊዜ የተረፈች ጭረት ነበረች፣ እሷ እንኳ አልቀረችም። አዲስ ቆዳ ገዝቼ ነክሬ ነበር፤ አውጥቼ ለሌላ ሰፊ ሰጥቻለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ። ይህን አንቺን ብቻ ለመውቀስ አልጻፍኩትም። እኔም ጥር ላይ እቅጩን ብጽፍልሽ ኖሮ ታመጪው ነበር። አፌን የያዘኝ የእናትሽ መሐላ ነው እላለሁ፤ ደግሞ ኩራቴም ነው፤ ልጅቷ ራሷ ትጠይቀኝ እያልኩ ስጠብቅሽ ነበር። ባንቺ ላይ ቂም ይዤ ከረምኩ፤ ቂሙን የከፈለችው እሷ ናት።

አሁን የምነግርሽን እንዳልኩሽ አድርጊ። እናትሽ ፎርማው መምጣቱን ከሰማች ወዲህ «በጊዜው ደረሰ ብለህ ጻፍላት፤ ሰፋልኝና እየሄድኩበት ነው በላት» እያለች አላስቀምጥ ብላኛለች። እሺ ብያት ነው የተቀመጥኩት። አልጋዋ ላይ ሆና ስጽፍ እያየችኝ ነው። ፊደል ስለማትለይ ያለችውን የጻፍኩ መስሏታል፤ አልፎ አልፎ «ጻፍከው?» ትለኛለች፣ አዎ እላታለሁ።

መልስሽን ግን ከፊቷ ነው የምከፍተው። ስለዚህ ለቅሶሽን እዚያው ጨርሺ። ወደዚህ ስትጽፊ «እማዬ፣ ጫማው በጊዜው ደርሶ ስለተስማማሽ ደስ ብሎኛል» ብለሽ ጻፊ። ጮክ ብዬ አነብላታለሁ።

አጎትሽ